ይመርምሩኝ ባዩ

እስቲ ክንዱን ተመልከቱት። መቀሱን ይዞ ከጆሮ በላይ ያለውን ፀጉር ለማስተካከል ሲያነሳው፣ የእጅጌው ስፌት ሊለቅ ምንም አይቀረው። አሁን ደግሞ ከመስታወቱ ውስጥ የሚያያችሁን ዓይኑን ተመልከቱ። ክንዱን ማየታችሁን እያረጋገጠ ነው። አይታችሁለታል፤ ስለዚህ ሳትጠይቁት ይመልስላችኋል።

«እንቁላል ነው። እንቁላልና ብረት። የጠረጠረ ካለ ይመርምሩኝ!»

በየመንደሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ ቤት ሳይጠየቅ የሚምል አንድ ሰው አለ። የቢሮ ቁልፍ ጠፋ ሲባል ኪሱን ገልብጦ የሚያሳየው እሱ ነው። አማቶቹ ቤት ማንኪያ ሲጎድል «እኔ እንኳ በእጄ ነው የበላሁት» የሚለውም እሱ ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለው ይህን ሰው አይተው መሆን አለበት። የእኛ ጂም ደግሞ የዘሩ አውራ ደርሶታል፤ ክቡር ፀጉር አስተካካያችን፣ በቅጽል ስማቸው «ይመርምሩኝ»።

ቤቱም ከዚህ ቃል አያመልጥም። አምሽቶ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ «ይመርምሩኝ!» ይላል። ሚስቱ «አንተን ለመመርመር እኔ እበቃለሁ፤ ገብተህ እራትህን ብላ» ትለዋለች። ጉንፋን የያዘው ጊዜ ደግሞ መድኃኒት ቤት ገብቶ «እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ለስፖርተኛ የተከለከለ ነገር የለበትም?» እያለ ባለሙያዋን አደከማት። «ጋሼ፣ የጉሮሮ ከረሜላ እኮ ነው» አለችው። ጥሎላት ወጣ። እስኪሻለው ድረስ እያስነጠሰ በምላጭ አንገታችንን ላጨን። እኛም በየማስነጠሱ መሐል ኑዛዜያችንን በልባችን አሰናዳን።

እኔ በያጅ ነኝ። የጂሙን ብረት የበየድኩት እኔ ነኝ። አሰልጣኝ አልነበረኝም፤ ከአሮጌ መጽሔት ቀድጄ ግድግዳ ላይ ከለጠፍኳቸው ሥዕሎች ነው የተማርኩት። ክንድ አለኝ፣ ደረት አለኝ። የሌለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠረጥረኝ ሰው።

ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ ለማታውቁ ላስረዳ። በእኛ ዓለም «ይሄማ መርፌ አለበት»፣ ማለትም ጡንቻው በመድኃኒት ያበጠ ነው፣ መባል ከዋንጫ ይበልጣል። እሱ ሲገባ ሰዎች ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። እኔ ስገባ «መብራቱ ጠፋ፣ ና እስቲ እየው» ይሉኛል። የአክስቴ ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ አግኝታኝ ምን አለችኝ? «ከሳህ እንዴ?» ከሳህ! ያን ቀን ያነሳሁትን ብረት እኔና ወገቤ እናውቃለን።

ታዲያ የምሩን ንጹህ ነው ብዬ ለማመን ጨርሶ አልፈለግሁም። ቅናት የሚሉት ነገር በመሐላ አይረካም፤ ማስረጃ ይላል። ሻወር ሲገባ ቦርሳውን በረበርኩ። ማበጠሪያ፣ የተቀቀለ እንቁላልና መንገድ ስታ የገባች የሴት ልጁ ካልሲ አገኘሁ። የውሃ መጠጫውን አሸተትኩ። ውሃ ነው። ልብሱን ሲቀይር፣ ነውሬን ይቅር በሉኝና፣ ጀርባውን እስከ ታች ድረስ አጠናሁት። የመርፌ ምልክት የለም። ከቅናተኛ የተሻለ ተቆጣጣሪ ዓለም አልፈጠረችም። ይህ ሰው ንጹህ መሆኑን ከሚስቱ ቀጥሎ በእርግጠኝነት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

የሰውነት ግንባታ ውድድሩ ቀን እሱ ሦስተኛ ወጣ፣ እኔ አራተኛ። አራተኛ ማለት ከመድረኩ በታች ቆሞ የሚያጨበጭብ ማለት ነው። ሜዳሊያው ገና አንገቱ ላይ ሳይሞቅ፣ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ቀጥ ብለው ወደ እሱ መጡ። እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜአለሁ፣ ደረቴንም ነፍቻለሁ። ሴትየዋ «ይቅርታ፣ ያሳልፉን» አለችኝ።

«ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ተመርጠዋል» አለችው።

ዕድሜ ልኩን ሲጠራው የኖረው ነገር አቤት ብሎ መጣለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አብሮዎት የሚቀመጥ አንድ ሰው መያዝ ይችላሉ።»

ዙሪያውን ቃኘና «በያጁ ይምጣልኝ» አለ። እኔ!

ክፍሏ ጠባብ ናት። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የታሸገ ውሃ፣ ከጥግ የሽንት ቤቱ በር። መርማሪዋ ሕጉን ነገረችን። ሽንቱን ሲሰጥ አብሯት የመጣው ተቆጣጣሪ አጠገቡ ቆሞ በዓይኑ ማየት አለበት። ሳይሰጥ ከወጣ እምቢ እንዳለ ይቆጠራል፤ እምቢ ያለ ደግሞ መድኃኒት እንደተገኘበት ይቀጣል። ሜዳሊያው ወደ አራተኛው ያልፋል። አራተኛው ማን እንደሆነ መቼም አልረሳችሁም።

ችግሩ ይመርምሩኝ ጠብታ አልነበረውም። የእኛ ሰዎች መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ቆዳቸው ከጡንቻቸው ላይ እንዲጣበቅ ብለው ውሃ ይተዋሉ፤ እሱም እንደ ቋንጣ ደርቆ ነው የመጣው። ውሃውን ጠጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ደግሞ ጠጣ፣ ደግሞ ገባ። አሁን ውሃው ሞልቷል፤ እሱ ግን አልሆነለትም።

«ያየኛል እኮ!» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሊያይህ ነው የመጣው።»

«ዓይኑን እንኳ አይጨፍንም!»

«ይመርምሩኝ ስትል ምኔን ያዩኛል ብለህ ነበር?»

«ክንዴን!»

ብድግ አለ። «በቃ! እኔ ሚስቴ ፊት እንኳ አፍራለሁ። ልብሴን አምጣልኝ፣ እንሂድ።»

እንሂድ። ከእኔ የሚጠበቀው «እሺ» ማለት ብቻ ነው። አላስገደድኩት፣ አልገፋሁት። ወንድም ለወንድሙ ልብስ ቢያቀብል ምን ወንጀል አለው? ሜዳሊያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሪባኑ ለአንገቴ ይስማማል። እጄ ጃኬቱን አንስታ ነበር።

«ብሄድ ግን ምን ይላሉ?» አለኝ።

«መርፌ ነው ይላሉ።»

«አንተስ?»

አየሁት። ለመድረክ የተቀባው ቀለም ከላቡ ጋር እየወረደ ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል። ያ ተራራ የሚያህል ሰው ዝናብ የመታው አዲስ የተቀባ ግድግዳ መስሏል። ያን ጊዜ የተናደድኩት በእሱ አይደለም፤ በእናንተ ነው። አዎ፣ በእናንተ! መድረክ ላይ ጡንቻ ሲያብጥ ታጨበጭባላችሁ እንጂ ከየት መጣ አትሉም። መርፌ የተወጋው ልጅ ጉበቱ አልቆ ሲወድቅ «እኔማ ጠርጥሬ ነበር» ትላላችሁ። በመርፌ ያበጠውንና በላቡ ያበጠውን በአንድ ሙቀጫ ትወቅጣላችሁ። መርፌ የሚወጋው ዝም ብሎ ያድራል፤ ንጹሑ እንቅልፍ አጥቶ ይምላል። ባይምል ማን ሊያምነው? እኔ ራሴ እያወቅሁ መቼ ተናገርኩለት?

«ንጹህ እንደሆንክ አውቃለሁ» አልኩት።

«እንዴት አወቅህ?»

«ቦርሳህን በርብሬ።»

ትክ ብሎ አየኝ። ሊመታኝ ነው ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁ።

«እንቁላሌን የበላኸው አንተ ነህ?»

«አንዷን ብቻ።»

«እኔ ደግሞ ያን የጂሙን ልብስ ጠባቂ ስንት ጊዜ ገላመጥኩት!»

«ተወው አሁን፣ ቁጭ በል። ይልቅ የዚያን የሚያይህን ሰውዬ ፀጉር አይተኸዋል?»

ፊቱ ትንሽ በራ። «እንዴት አላየውም? ግራና ቀኙ አይተዋወቁም።»

«እንግዲያው ግባና ንገረው።»

ገባ። እኔም ጆሮዬን ወደ በሩ ጣልኩ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይሄን ጎን ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፈብህ?»

«የሚስቴ ወንድም ነው።»

«ምን በድለኸው?»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ይመርምሩኝም ሳቀና ስለ ምላጭ አያያዝ፣ ስለ ጀማሪ እጅ፣ ከማጅራት ስለ መጀመር ትምህርቱን ቀጠለ። አሁን ሱቁ ውስጥ ነው፤ ፊቱ ያለው ተቆጣጣሪ ሳይሆን ደንበኛ ነው። ከወሬው ስር ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። የገዛ ሜዳሊያዬ ሽንት ቤት ውስጥ ሲፈስ «እሰይ» ያልኩ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። መርማሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። አራተኛው መሆኔን ያወቀች ይመስለኛል።

ውጤቱ ንጹህ ሆኖ መጣ። ሜዳሊያው አሁን ከሱቁ መስታወት ላይ ተሰቅሏል፤ ፀጉራችሁን ስትቆረጡ ግንባራችሁ ላይ ያረፈ ይመስላል። «ይመርምሩኝ» ማለት ቀርቷል። በምትኩ ሳትጠይቁት «ተመርምሬአለሁ!» ይላችኋል። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ እንዲያውም ብሶበታል።

ባለፈው ሳምንት ግን ፀጉሬን ልስተካከል ሄጄ፣ በሩ ላይ ስደርስ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት።

«እኔስ ተመርምሬ ወጣሁ። ያ በያጅ ነው እንጂ የሚያሳስበኝ! ክንዱን አይታችሁታል? እኔ ሰው አላማም፤ ግን ያ ክንድ በእንቁላል ብቻ አይመጣም።»

ከመስታወቱ ውስጥ አየኝና በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ጠቀለልኩ። በማግስቱ ጂም ስገባ ሁለት ሰዎች ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። መንገድ ላይ ካያችሁኝ ክንዴን ሰረቅ አድርጋችሁ እዩና ለጎረቤታችሁ «ይሄማ መርፌ አለበት» በሉልኝ። የለበትም፤ እናንተ ግን በሉልኝ። ደግሞ ጮክ አድርጋችሁ፣ እኔም እንድሰማው።