ወለላን ለማለብ የለበስሁት ቀሚስ

እፍረት ግራ የገባት ፍጡር ናት። ሌባው ሰርቆ በገበያ መሀል ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ አጠገቡ አትደርስም። አንድ ምስኪን አባወራ ለልጁ ወተት ፍለጋ ደፋ ቀና ሲል ግን ከየት መጣች ሳይባል ከነጓዟ ትሰፍርበታለች። እኔ ላይ የሰፈረችው ወረታ ስልክ ቤት ተመድቤ በምሠራበት ጊዜ ነው። ይኸው ሸብቼም አልለቀቀችኝም።

ጊዜው ክረምት ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው መኪና ቆመ፤ መኪና ሲቆም የቆርቆሮ ወተት ከሱቅ ጠፋ። በዚህ ላይ ባለቤቴን ዘነበችን ወባ ጥሎ ያንቀጠቅጣት ጀመር፤ ጡቷም ነጠፈ። ገና መዳህ ያልጀመረችው ልጃችን የእናቷን ጡት ትስባለች፣ ታጣለች፣ ታለቅሳለች። እስቲ ፍረዱኝ! ከደጄ ቆሜ ሳይ የፎገራ ሜዳ ሙሉ ላም ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን ርብ ማዶ ተክዬ ወተት በቆርቆሮ የሚያመጣልኝን መኪና እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ጭቃውን እያቦካሁ፣ ከከተማው ዳር ወደሚኖሩት ገበሬ ወደ አቶ ዋሴ ቤት ሄድሁ። ስልክ ሊያስደውሉ ሲመጡ ነው የምንተዋወቀው። ስለ ዝናቡም ስለ ከብቱም ከተጫወትን በኋላ፣ ወተት ይሸጡልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸውን አዞሩ።

“ጌታው፣ እኛ ወተት ሸጠን አናውቅም” አሉ አቶ ዋሴ። “ምን ያህል ብንቸገር መስሎህ ነው?”

ለካስ የጠየቅሁት ወተት ሳይሆን የሰዎቹን ክብር ኖሯል! “ልጄ... እናቷ ታማ...” ብቻ ብዬ፣ በሩን በትከሻዬ ገጭቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጧት ደጄን ብከፍት አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ከነጥጃዋ ቆማለች። ከኋላዋ አቶ ዋሴ። “ልጅ ተርቦብህ ኖሮ ልግዛ ትላለህ? በል ሚስትህ እስክትሽር እለቧት” አሉኝ። ላሚቱ ወለላ ትባላለች። ከብብታቸውም የወይዘሮ ጥሩወርቅን አሮጌ ቀሚስና ሻሽ አውጥተው ሰጡኝ። ወለላ የእመቤቷን ሽታ ካላገኘች ትራገጣለች እንጂ ጠብታም አትሰጥም አሉ። ዘነበች ለብሳው እንድታልብ መሆኑ ነው።

ዘነበች ግን እንኳን ላም ልታልብ ራሷንም ቀና ማድረግ አቅቷታል። የጎረቤታችን ሴት ልትረዳን መጥታ ገና ቀሚሱን ሳታነሣ የወለላን ቀንድ አይታ ሸሸች። ማን ቀረ? እኔ። ኮት ለብሼ ብቀርብ ረገጠችኝ። ኮቴን አውልቄ በሸሚዝ ብቀርብ ረገጠችኝ። ልጄ ከውስጥ ታለቅሳለች። ግራ ቀኝ አየሁና ቀሚሱን አጠለቅሁት፤ ሻሹንም አሰርሁ። ጥጃውን ትንሽ አጥብቼ ገለል አደረግሁና ቁጢጥ ብዬ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ “ወለላዬ፣ ስጪኝ እናቴ” አልኋት። አሸተተችኝ። አሰበች። ሰጠች! ወተቱን አፍልቼ ለልጄ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ጥግብ ብላ ተኛች። የዚያን ቀን ለቀሚሱ የነበረኝን ክብር ለማዕረግ ልብስ እንኳ ኖሮኝ አያውቅም።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። አንድ ጧት ታዲያ ወለላን እንደ ልማዴ ሳቆላምጣት፣ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ዋህድ ዘነበችን ጠበል ሊረጩ ከች አሉ። ያዩት ከኋላ ቀሚስና ሻሽ ነው።

“ተመስገን! ተነሣሽልኝ፣ ልጄ!”

ምን ልበል? በራሴ ድምፅ ብመልስ ውርደት ነው፤ በቀጭኑ ብመልስ ቄስ መዋሸት ነው። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ትሕትና መሰላቸው። “ባልሽስ የት ሄዶ ነው? ገና ከበሽታ የተነሣች ሴት ላም ታልባለች? እሱ ባርኔጣውን ደፍቶ ይዙር እንጂ!” እያሉ ስለ ስንፍናዬ የሚያውቁትን ሁሉ ዘረገፉልኝ። የማያውቁትንም ጨመሩበት። ቀጥለው ጠበሉን አናቴ ላይ ለቀቁት።

ይኼኔ ዘነበች ከውስጥ፣ “ማን ነው?” ብላ ተጣራች።

አባ ወደ ቤቱ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ቀስ ብዬ ዞርሁ። ጠበሉ ከጢሜ ላይ ይንጠባጠባል።

“ለላሚቱ ብለህ ነው?” አሉኝ።

“ለልጂቱ ብዬ ነው፣ አባ።”

መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ፊታቸውን ግን ወደ አጥሩ አዙረው ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

አባ ለማንም አልተናገሩ ይሆናል፤ እንጃ። ወሬው ግን ወዲያው ይፋግ ገበያ ደረሰ። ስልኩ በእኔ እጅ ሆኖ ሳለ በምን በኩል እንደ ተላለፈ እስከ ዛሬ አልደረስሁበትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው በእነሱ በኩል ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ ሳስቀድስ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ነው።

ደግነቱ ዘነበች ሻረች፤ ርብም ጎደለ። ወለላን ከነጥጃዋና ከነቀሚሷ መልሼ፣ እጅ ነሥቼ አመስግኜ፣ ተገላገልሁ ብዬ ሥራዬ ላይ ተቀመጥሁ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ አቶ ዋሴ በር ላይ ቆሙ። ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። የት ልደውልልዎ ብል ራሳቸውን ነቀነቁ። በለሆሳስ ሊነግሩኝ ነበር ያሰቡት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሜዳ ላይ ከብት ሲጣሩ የኖሩ ሰው ግን ለሆሳስ ከየት ያመጣሉ?

“ወለላ ጥሩወርቅን ረገጠቻት!” አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “እባክህ ብቅ በልልን። ቀሚሱስ ከቤት አለ፤ የጠፋን ለባሹ ነው።”