ክቡር ቆይ እስቲ

ስብሰባ የሚባል ነገር እስካለ ድረስ፣ ሁሉም ተስማምቶ ሊነሳ ሲል «ቆይ እስቲ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለልብስ ስፌት ፋብሪካዋ ሥራ አስኪያጅ የደረሷት ሽማግሌው የጥራት ተቆጣጣሪ ናቸው። ሠራተኛው በሌሉበት «ክቡር ቆይ እስቲ» ይላቸዋል።

የግድግዳ ቀለም ሲመረጥ «ቆይ እስቲ፣ ሲቆሽሽስ?» ይላሉ። ሽርሽር ሲታሰብ «ቆይ እስቲ፣ ቢዘንብስ?» አንዴማ የሥራ አስኪያጇ የልደት ኬክ ሊቆረስ ሲል ቢላዋው መታጠቡን ጠየቁ። አልታጠበም ነበር።

እሷ በበኩሏ ሐሳቧን አስቀድማ ከተናገረች በኋላ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» የምትል ዓይነት ነበረች። የክፍል ኃላፊዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሷም መግባባት ነው ብላ ደስ ይላታል።

ጨርቅ በጓሮ በር እየተሰረቀ ሲያስቸግር፣ በሩ በሰንሰለት ይታሰር አለች። ሁሉም ነቀነቁ።

«ቆይ እስቲ የኔ ልጅ፣ እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ይወጣሉ?» አሉ ሽማግሌው።

«በፊት ለፊት ነዋ፣ ጋሼ» አለ የሽያጭ ኃላፊው።

«በካርቶኑ ላይ እየዘለሉ?»

የፊት ለፊቱ በር ሁልጊዜ ጭነት በሚጠብቅ ካርቶን እንደታጨቀ ነው። ሥራ አስኪያጇ ደሟ ፈላ። «እርስዎ ደግሞ ሟርት ይወዳሉ» አለች። ቃለ ጉባኤው ሁሉም ካልፈረመ አይጸናም፤ እሳቸው ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጉዳዩ ለሐሙስ ተላለፈ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከመተኮሻ ክፍሉ እሳት ተነሳ። ስልሳ ሰፊ ሴቶች በጭሱ እየሳሉ፣ ገና ባልታሰረው የጓሮ በር ወጡ። የሥራ አስኪያጇ ታናሽ እህትም ከመካከላቸው ነበረች። እህቷን እንዳቀፈች ሽማግሌው እየዞሩ ሰው ሲቆጥሩ አየቻቸው። «ቆይ እስቲ፣ ደግሜ ልቁጠር» ይላሉ። አንድም አልጎደለም።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚናገሩት ክቡርነታቸው ናቸው፤ እሷ መጨረሻ ትናገራለች። አሁንም ያበሽቋታል። በሽቃም ታዳምጣቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ጡረታ ልውጣ የሚል ደብዳቤ አቀረቡ። የክፍል ኃላፊዎቹ «ይገባዎታል» እያሉ ተራ በተራ ነቀነቁ። ተራው እሷ ጋ ሲደርስ እንባዋ መጣ።

«ቆዩ እስቲ» አለች፤ «ሁላችንም ስንነቀንቅ ማን ሊጠይቀን ነው?»

ቃለ ጉባኤው ሲደርሳት ብዕሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።