ክቡር ኩሮይዋ እና «በኤፍ» የተጻፈው ወረቀት

ኦርኬስትራ ባለበት አገር ሁሉ፣ ከመድረኩ በስተኋላ፣ ቀላል ነገር ሲያይ የሚያመው አንድ ሰው አይጠፋም። አሳንሰር እያለ በደረጃ የሚወጣ፣ የሂሳብ ማሽን እያለ በጣቱ የሚቆጥር፣ ሌላው አቋራጭ ሲያገኝ ዘመድ የሞተበት ያህል የሚያዝን ሰው ነው። ሰሜን ጃፓን ላለችው ትንሿ ከተማችን አማተር ኦርኬስትራ የደረሱን ክቡር ሊቀ መለከት ኩሮይዋ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ዘጠኝ፣ ሥራቸው የባቡር ሐዲድ ጡረተኛ፣ ማዕረጋቸው አንደኛ ትራምፔት።

ጠባያቸው እንዲገባችሁ የትራምፔት ነፊን መከራ ላስረዳ። ጥንት ትራምፔት ቁልፍ አልነበረውም። ነፊው ረጅምና አጭር ቱቦ እየቀያየረ ይነፋል፣ ደራሲውም ለዚያ ቱቦ ብሎ ይጽፍለታል። ቱቦዎቹ ሙዚየም ገቡ፣ ወረቀቱ ግን እኛ ላይ ቀረ። ስለዚህ ዛሬም ወረቀቱ አናት ላይ «በኤፍ» የሚል ካለበት፣ «ዶ» ሲል አይቶ፣ አራት ደረጃ ወደ ላይ ቆጥሮ «ሶል» መንፋት ግድ ነው። «በዲ» ካለ ሁለት ደረጃ፣ «በሲ» ካለ አንድ። ይህ ሁሉ ስሌት መሪው በትሩን አንስቶ እስኪያወርድ ድረስ ማለቅ አለበት።

እኔ ናሩሴ ይህን አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት የነፋሁት በትምህርት ቤት ባንድ ነው፤ እዚያ ወረቀቱ ለመሣሪያችን ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ከትምህርት ቤት ባንድ ወጥቶ ኦርኬስትራ የገባ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቀን አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ያየውን ይነፋል። እኔም ያየሁትን፣ ያውም በሙሉ ሳንባዬ፣ ነፋሁት። ሰማንያ ሰው ዞሮ አየኝ። ክቡር ኩሮይዋ ግን አልዞሩም።

«መሪያችን ይቅርታ ያድርጉልን» አሉ ፊት ለፊት እያዩ። «ልጁ ትክክል ነው የነፋው። የነፋው ግን ለሌላ ኦርኬስትራ ነው።»

በእረፍት ሰዓት ከየኖታው በላይ ትክክለኛውን ስም ልጽፍ እርሳስ ሳነሳ እጄን ለቀም አደረጉት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እንዳልሳሳት ልጽፍበት ነው፣ ጋሼ።»

«እርሳስ የሰነፍ ምርኩዝ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዓይንህ ዶን ይይ፣ ጣትህ ሶልን ይንካ፣ በመሃል ያለውን ራስህ ይጨርሰው።»

ይህ የጭንቅላት ሥራ እንዴት እንደሚለመድ ደግሞ ዘዴ ነበራቸው። ዘዴያቸው ማለቂያ አልነበረውም። ከልምምድ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ፌርማታ በተጠራ ቁጥር አራት ፌርማታ ወደፊት ያለውን ስም ጮክ ብለን እንድንናገር ያስገድዱናል። እኔ አራት ወደፊት ሳስብ የራሴን ፌርማታ ስንቴ እንዳለፍኩት ባልናገር ይሻላል። ሾፌሩ መጀመሪያ ላይ ይቆጣ ነበር፤ ኋላ ስንሳሳት ማረም ጀመረ።

ከልምምድ በኋላ የምንገባበት መጠጥ ቤት ግን ከአውቶቡሱ ይብሳል። የምግቦቹ ስም በወረቀት ቁራጭ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል። ክቡርነታቸው ትእዛዛችንን ይሰበስቡና ለአስተናጋጇ የሚነግሩት የጠራነውን ሳይሆን ከእሱ አራት ወረቀት ወደ ላይ ያለውን ነው። ዶሮ የፈለገ ከዶሮው አራት ዝቅ ብሎ ያለውን መጥራት አለበት።

«አንቺስ ምን ይምጣልሽ?» አሏት አንድ ቀን ሂዋታሺን። ሂዋታሺ ተጠባባቂ ትራምፔታችን ናት፤ ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆና ትሠራለች።

«የዶሮ ጥብስ… አይ፣ ቆይ ጋሼ! ልቁጠር!»

«መሪው ይቆይልሻል? ተነፋ እኮ፣ አለቀ!»

የመጣላት በጨው የቦካ የዓሣ አንጀት ነበር። ዓይኗን ጨፍና በላችው። «ይሄን ያህል እኔን ከሚያሰቃዩ ያቺን የምትነቃነቅ የፊት ጥርስዎን ቢያሳዩን ምን አለበት?» ስትላቸው፣ «ጥርሴ ከኮንሰርቱ በኋላ ቀጠሮ ይዟል» አሉ።

እውነትም በዚያው ምሽት ነው መርዶውን ያረዱን። በግንቦት የሚቀርበው ኮንሰርት የመጨረሻቸው ነው። የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ትራምፔት አይነፋም። በእኛ ኦርኬስትራ ደግሞ ወንበሩን የሚለቅ ሰው ወራሹን ራሱ ነው የሚሰይመው።

«የእኔን ወንበር የሚወርሰው» አሉ ብርጭቆአቸውን አንስተው፣ «ወረቀቱን ሳያረክስ የሚያነብ ብቻ ነው።»

ያንን ወንበር ምን ያህል እንደተመኘሁት ብናገር ዕድሜዬ ያሳፍረኛል። በግንቦት የምናቀርበው ሲምፎኒ ሁለት ትራምፔት ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛውን የምነፋው እኔ፣ ሂዋታሺ ደግሞ ከክቡርነታቸው ጎን ተቀምጣ አንደኛውን ትለማመዳለች። የእኔ ወረቀት ዳር እስከ ዳር «በኤፍ» ነው። አልሆንልህ አለኝ። እንጀራዬ በማዘጋጃ ቤት ካርታ መገልበጥ ነውና፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ወደ ራሴ መሣሪያ ገልብጬ ጻፍኩት፤ በሥሥ ወረቀት፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ቅርጽ። ከዚያ በዋናው ላይ በሙጫ ለጠፍኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መከራ ለጠላቴም አልመኝ። አንድም ኖታ አልሳትኩም፤ እሳቸውም ማመስገናቸውን አልተዉም። «አያችሁ ናሩሴን? እንዲህ ነው ማንበብ! ስሚ፣ አንቺ ሂዋታሺ፣ ከእሱ ተማሪ!» ሂዋታሺ በግልጽ ትሳሳታለች፣ በግልጽ ትሰደባለች፣ እንደገና ትሞክራለች። እኔ ጆሮዬ እስኪግል ምስጋና እቀበላለሁ። ሦስት ወር።

የኮንሰርቱ ቀን ከቀትር በኋላ የመጨረሻው ልምምድ አለቀ። ሴሎ የምትጫወት ደግ ሴት የሩዝ ብስኩት አዞረች፤ ክቡር ኩሮይዋ አንዱን አንስተው ቀጭ ሲያደርጉት ብስኩቱም ጥርሱም አብረው ተሰበሩ። ሂዋታሺ አፋቸውን ከፍታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ኮንሰርቱ አምስት ሰዓት ቀርቶታል።

እሳቸው ግን ጭራሽ አልደነገጡም። ምንም ምልክት የሌለበትን የአንደኛውን ትራምፔት ወረቀት አጥፈው ሰጡኝ። በተሰበረው ጥርስ በኩል ፉጨት እየወጣ፣ «እንግዲህ ያው አንተ ነህ፣ ወራሼ። ንፋው» አሉ።

ወንበሩ ይኸውና፤ ስመኘው የኖርኩት ወንበር። ወረቀቱን ሳየው ግን ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። እሺ ብል ሰማንያ ሰው ይዤ ገደል እገባለሁ።

«ጋሼ፣ አልችልም» አልኳቸው። «ለጥፌ ነው የማነበው። ከየካቲት ጀምሮ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«የስልሳ ዓመት ወረቀት ሲገለጥ አይንኮሻኮሽም። ያንተ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንኮሻኮሻል።»

«ታዲያ ለምን ያመሰግኑኝ ነበር?»

«ሰው ሲሰደብ ይደነድናል፣ ሲመሰገን ነው የሚያፍር። ሦስት ወር ሙሉ ታፍራለህ ብዬ ብጠብቅ… ምን ዓይነት የፊት ቆዳ ነው የሰጠህ!»

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለሂዋታሺ ሰጧት። ልጅቷ ነጣች። «እኔ? እኔ እኮ እሳሳታለሁ፣ ጋሼ!»

«የምትሳሳቺው ስለምታነቢ ነው» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንተ ያንን ላጠው። ከሥር ያለውን እያየህ ትነፋለህ።»

«በአምስት ሰዓት ውስጥ?»

«ጣትህ ዜማውን ሦስት ወር ለምዶታል። ያልለመደው ዓይንህ ነው። በል፣ ውሃ አምጣ፣ ሙጫው ይራስ።»

ላጥነው። ከሥሩ የወጣው ወረቀት ተጨማዷል፣ ቢጫ ሆኗል፣ አንድ ሁለት ቦታም ተቦጭቋል። ከአዳራሹ ጀርባ፣ የጭነት መኪና በሚቆምበት ቦታ፣ ጉንጫቸው አብጦ እያፏጩ አስዘመሩኝ። እኔ ኖታውን በጣቴ እየተከተልኩ እዘምራለሁ፤ ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል።

ማታ ተጫወትን። ሂዋታሺ ያንን የአንደኛ ትራምፔት ወረቀት ቀጥ ብላ አነበበችው፤ ከመሃል አንዲት ኖታ ብትሰነጠቅም ቀጠለች። ወንበሩ የሚገባው ለእሷ እንደሆነ ያን ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ቅናቴም እዚያው ወጣልኝ። እኔ በበኩሌ ሁለት ቦታ ሳትኩ።

ከጭብጨባው በኋላ ክቡር ኩሮይዋ አፋቸው በጥጥ ተጠቅጥቆ ከመድረክ ጀርባ መጡ። መናገር አይችሉም። ሂዋታሺ ፊት ቆመው፣ ታናሽ ለታላቁ እንደሚያደርገው፣ ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሱ። እሷ አለቀሰች። ወደ እኔ ሲዞሩ ቀደም ብዬ፣ «ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፣ ጋሼ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና አራት ጣት አሳዩኝ።

የቀሩትን ሁለት እኔም አላወቅኳቸውም። መሪው አልሰማቸውም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሂዋታሺም አልሰማቻቸውም። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የሰማችው ቫዮሊኑን ብቻ ነው። እዚያ አዳራሽ ከገባው ስምንት መቶ ሰው መካከል፣ የእኔን ሁለተኛ ትራምፔት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኖታ በኖታ ያዳመጠ አንድ ሰው ነበር። እኚህን አስቸጋሪ ሽማግሌ እንዴት እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

«የትኞቹ ናቸው?» አልኳቸው።

እጅጌዬን ይዘው፣ ያ የተጨማደደ ወረቀት ገና እንደተዘረጋ ወዳለበት፣ ሰው ወደሌለበት መድረክ ጎተቱኝ።