አክስቴ አሰፋችና የእንግዴ ልጁ ድርሻ

ሕፃን ሲወለድ ከአዋላጇ ቀጥሎ የሚደርሰው አባት አይደለም፤ መልክ አከፋፋይ ነው። መልክ አከፋፋይ የሌለው ቤተሰብ ካለ ገና ልጅ አልወለደም ማለት ነው። ይህ ሰው ሕፃኑን አይስምም። መጀመሪያ ይመረምራል፣ ቀጥሎ ያከፋፍላል፤ አፍንጫው ለእነ እከሌ፣ ቅንድቡ ለእነ እከሌ። ክፍፍሉም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

የኛ ቤተሰብ አከፋፋይ ክብርት ወይዘሮ አሰፋች ወልደ ሚካኤል፣ የአባቴ እህት፣ የዲክሲስ ነዋሪ ናቸው። ፍርዳቸው ሁለት ቃል ነው፤ «የኛ ነው።» ይግባኝ የለውም። ቆልማማ የእግር ጣት ከተገኘ ግን «ይኼን እንኳ ከወዲያ ነው ያመጣው» ይላሉ። ወዲያ ማለት የእናትየው ወገን ነው። አንድ ጊዜ ጮሌ ከተማ ለሠርግ ሄደን፣ የማናውቃቸውን ሰዎች ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ተቀብለው አገጩን የኛ አድርገው መለሱት። የልጁ እናት እስከ ዛሬ የምንዛመድ ይመስላታል።

ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት ግን የአያቴን የወልደ ሚካኤልን ማኅተም ነው። ማኅተሙ ከቀኝ ጆሮ ፊት ያለች፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ናት። አያቴ ነበረቻቸው። አክስቴም አለቻቸው፣ ከሻሻቸው ሥር። እኔ የለኝም። ስወለድ ጆሮዬን አገላብጠው አይተው፣ «ይሁን፣ ይደግ» ብለው ለእናቴ እንደመለሱኝ ይነገራል።

ባለቤቴ ሀሴት ከሌላ ክልል ወደ አሰላ የተመደበች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታለች፤ ያሳደጓት አያቷም አልፈዋል። የእናቷን መልክ በደንብ አታስታውስም፣ ፎቶም የላትም። እርጉዝ ሳለች የምትመኘው አንድ ነገር ነበር።

«እናቴን በሆነ ነገር ቢመስላት» ትላለች። «ጥፍሩም ቢሆን።»

ልጃችን የተወለደ ዕለት አክስቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከዲክሲስ ደረሱ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው የአጥሚቱን ፔርሙዝ አስቀመጡና ሥራ ጀመሩ። አፍንጫው የኛ ነው። ከንፈሩ የኛ ነው። አለቃቀሱ ሳይቀር የኛ ነው። አዋላጇ ራቢያን ሣቅ ተናነቃት።

«እማማ፣ እናትየዋስ ዘጠኝ ወር ምን ስትሠራ ነበር?»

«ስትሸከምልን።»

ሀሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዶክተር ኖህ የገባው ይኼኔ ነው። ኖህ በጤነኛ እርግዝና ወቅት እንግዴ ልጅ ላይ የትኞቹ ዘረ መሎች መቼ እንደሚሠሩ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ የሚያጠና ሐኪም ነው። ሀሴት አስቀድማ ፈቅዳለት ስለነበር፣ ከእንግዴ ልጁ ትንሽ ቁራሽ ቆርጦ በረዶ ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ ሊያመሰግናት መጣ።

«ቁራሹ ከየትኛው ወገን ነው?» አሉት አክስቴ።

«ከሁለቱም ነው፣ እማማ። እንግዴ ልጁ የሚበቅለው ከፅንሱ ስለሆነ የአባትም የእናትም ዘር አለበት።»

«የማን ይበረታል?»

ኖህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ብዙ አያገኝም። ወንበር ሳበ።

«እዚያ ላይ አንዳንዶቹ ዘረ መሎች የሚሠሩት ከአባት ሲመጡ ብቻ ነው፤ የእናትየው ይተኛል። እነሱ በአብዛኛው ‹እደግ፣ ጨምር፣ ከእናትህ ውሰድ› የሚሉ ናቸው።»

«የኛ ነው አላልኩም?» አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። በሐኪም የተመሰከረ የመጀመሪያ ድላቸው ነበር።

«ሌሎቹ ላይ ደግሞ የሚሠራው የእናትየው ብቻ ነው። እነሱ ‹በቃ፣ በልክ› ይላሉ።»

«እነሱ ባይኖሩስ? ሁሉም የአባት ቢሆን?»

«አልፎ አልፎ ያጋጥማል» አለ ኖህ። «እንግዴ ልጁ ብቻውን ያለ ልክ ያብጣል። ልጅ ግን የለም።»

አክስቴ «የኛ ነው» ሳይሉ ሕፃኑን ከእናቱ አጠገብ አስተኙት። ይህ ለቤተሰባችን አዲስ ነገር ስለነበር ራቢያ እንኳ ሥራዋን ትታ አየቻቸው። እሳቸው ደግሞ ፊቷን ያዞረችውን ሀሴትን አዩ፤ ከዚያ በአልጋው ዙሪያ የቆምነውን ዘመዶች። ሁላችንም የኛ ነበርን። ከወዲያ ወገን የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

ሕፃኑን እንደገና አነሡት። ጆሮው እስካሁን በፎጣ ተሸፍኖ ስለነበር ገና ድርሻ አልወጣለትም። ፎጣውን ገለጥ ሲያደርጉ ከትከሻቸው በላይ አየሁ። ከቀኝ ጆሮው ፊት፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ የሚጠብቋት ቀዳዳ ቁልጭ ብላ ነበር።

«ይኼ የኛ አይደለም» አሉ።

ሀሴት ቀስ ብላ ዞረች። «ምኑ?»

«ይቺ ከጆሮው ፊት ያለችው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የለም።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«የናትሽ ናታ።»

«እትዬ፣ እናቴን አያውቋትም እኮ።»

«አላውቃትም። የኛን ግን አንድ ባንድ አውቃለሁ። የኛ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

ለሒሳብ አስተማሪ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። ሀሴት ጣቷን ቀዳዳዋ ላይ አሳረፈች፤ ለረጅም ጊዜም አላነሳችውም። የማኅተሙን ነገር ነግሬያት አላውቅም፤ የሌለውን ማኅተም ለሚስቱ የሚያወራ ባል የለም። አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ቀደሙኝ።

«ግዛቸው፣ አጥሚቱን ቅዳላት እንጂ። ምን ያቆምሃል?»

ከዚያም ሻሻቸውን በቀኝ ጆሯቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ክርስትናው ዕለት ግን አክስቴ እስክስታ ሲወርዱ ሻሹ ተንሸራተተ። ሀሴት አጠገባቸው ነበረች። አየች። ጆሯቸውን አየች፣ ያቀፈችውን ልጅ ጆሮ አየች፣ ቀና ብላም እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን ተመለከትኩ።

ሕፃኑን አቀበለችኝና ሄዳ ሻሹን በገዛ እጇ መልሳ፣ ከጆሯቸው በላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችላቸው።

«የአሰላን ብርድ ጆሮ አይወደውም፣ አክስቴ» አለቻቸው።