ሃምሳ አለቃ ለምን ያንን መረጡ?

ወታደር ጉልበተኛ እጩ ይወዳል ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ፤ አንብባችሁት ይሆናል። እኔን ማን ይከራከረኛል?

በምርጫው ማግስት ዘመሮ ገበያ ላይ ጎረቤቴን፣ ጡረተኛውን ሃምሳ አለቃ፣ በጎች ሲሸጡ አገኘኋቸው።

«ጤና ጣቢያ አሠራለሁ ያለውን መምህር ትተው ያንን በጉልበቱ የሚፎክር ለፍላፊ ለምን መረጡ?» አልኳቸው።

«‹ሃምሳ አለቃ፣ እግርዎን የት ነው የተመቱት?› ብሎ ጠየቀኝ። ተቀምጦም እስከ መጨረሻው ሰማኝ።»

«በዚህ ብቻ? ይኼ እኮ የምርጫ ሰሞን ብልሃት ነው!»

«እሱ ይጠፋኛል ልጄ? አጥር ለአጥር ሃያ ዓመት ኖረናል፤ አንተ ለብልሃት እንኳ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

እያነከሱ ወደ በጎቻቸው ሄዱ።

የት እንደተመቱ ዛሬም አላውቅም። አሁን ብጠይቃቸው ደግሞ፣ «አንተም ልትወዳደር ነው?» ይሉኛል።