ቴምር ለመንገደኛው ናሲር

(ዌስት ፉትስክሬይ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2007፤ ማክሰኞ ከሰዓት። ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳው ናሲር ሦስት ዓመት የእረፍት ቀኑን አጠራቅሞ፣ በመጨረሻ ነገ ወደ እስያ ሊበር ነው። ቤት የሚጋራው ሮቤራ አንድ ካርቶን ቴምር ሻንጣው ውስጥ ይከታል፤ ናሲር መልሶ ያወጣል።)

ሮቤራ፦ ግድ የለህም፣ ይግባ።

ናሲር፦ ሰውዬ፣ ለመብላት የሚሄድ ሰው ስንቅ ይይዛል? ወንዝ የሚወርድ ሰው ውሃ በጀሪካን ይዞ ይወርዳል?

ሮቤራ፦ እህትህ እትዬ ጦይባ ናቸው የላኩት። «ሳይዝ እንዳይሄድ» ብለዋል። ድርቆሽም አለ።

ናሲር፦ እህቴ ከሰፈሯ ከሆፐርስ ክሮሲንግ አልፋ አታውቅም። ስለ እስያ እኔን ጠይቀኝ።

(ወረቀት ይዘረጋል። ይህን ወረቀት ከመንጃ ፈቃዱ አብልጦ ነው የሚጠብቀው።)

ናሲር፦ ሲንጋፖር፣ ጠዋት ሩዝ በዶሮ። ክዋላ ላምፑር፣ ምሳ የፍየል ወጥ በቂጣ። ፔናንግ ኑድል። ባንኮክን አላህ ያውቃል። አሥራ አምስት ቀን፣ በየቀኑ ስድስት ምግብ ቤት።

ሮቤራ፦ ሁሉም በቀን?

ናሲር፦ በቀን ነዋ። ማታ ሆድም እረፍት ይፈልጋል።

ሮቤራ፦ ብቻህን? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም?

ናሲር፦ ከሰው ጋር ከሆንክ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ስትባባል ቀኑ ያልቃል። እኔ ሥራ አለብኝ።

ሮቤራ፦ ቤቶቹ ግን ሐላል ናቸው?

ናሲር፦ (ደረቱን ነፍቶ) የመጋዘኑን የማሌዥያ ልጆች አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ባለቤቱ ሙስሊም ያልሆነ ቤት እዚህ ወረቀት ላይ አታገኝም።

ሮቤራ፦ ረመዳንስ?

ናሲር፦ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። ፕሮግራሙን ሳወጣ ካላንደር አይቻለሁ።

ሮቤራ፦ መቼ ነው ያወጣኸው?

ናሲር፦ የዛሬ ሦስት ዓመት።

ሮቤራ፦ «በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ይላል» ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?

(ናሲር በጣቱ ይቆጥራል። አሥራ አንድ። ሃያ ሁለት። ሠላሳ ሦስት። ለዚህ ጉዞ ብሎ ሦስት ወር ድርብ ሺፍት ሲሮጥ የመስጊድ ደጃፍ አልረገጠም፤ ማን ይንገረው? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።)

ናሲር፦ ሐሙስ ነው የሚገባው?

ሮቤራ፦ ሐሙስ።

ናሲር፦ እና ለምን አልነገርከኝም?

ሮቤራ፦ ለአንተ? አዋቂን ማን ይነግረዋል ብዬ ነዋ።

ናሲር፦ ቲኬቱ አይመለስ፣ አይቀየር። (ብድግ ይላል) ቆይ፣ ቆይ። መንገደኛ አይደለሁም እንዴ? መንገደኛ ባይፆም ይፈቀድለታል። ያልፆምኩትን ቀዷ ስመለስ አወጣለሁ። አየህ፣ ማወቅ ማለት ይሄ ነው።

ሮቤራ፦ አንተስ መንገደኛ ነህ። ቀን የሚያበስሉልህ ባለምግብ ቤቶቹም መንገደኞች ናቸው?

(ናሲር ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ የቴምሩን ካርቶን ራሱ አንሥቶ፣ ከሸሚዞቹ ሥር ደህና አድርጎ አስቀመጠው።)

ናሲር፦ እስቲ ያን ድርቆሽ አቀብለኝ። በርበሬ አለበት?