ነውሩ የተነገረለት መጽሐፍ

[ደብረ ማርቆስ፣ ጤፍ የሚወቃበት ሰሞን። መምህር እንዳላማው የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳትሞ፣ ገዢ ሲያጣ የእህል ጎታ ውስጥ አከማችቶት ከርሟል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደርቤ፣ የበሬ ደላላው፣ ትናንት መጽሐፉን ሁሉ በአህያ ጭኖ አምበር ገበያ ወርዶ ነበር። አሁን ተመልሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል።]

እንዳላማው፦ ከረባቴን የት አደረግኸው ነው የምልህ!

ደርቤ፦ አለ ጋሼ። አህያዋ አንገት ላይ አለ።

እንዳላማው፦ አህያ አንገት ላይ?

ደርቤ፦ አንገት ላይ ይታሰራል አላሉኝም?

እንዳላማው፦ ያንተ አንገት ላይ! መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ከረባት ካላሰረ ማን ያምነዋል?

ደርቤ፦ አስሬውማ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ከማን ቤት በጥሰህ አመለጥህ?» ብለው አዘኑልኝ። ያን ጊዜ ፈታሁት።

እንዳላማው፦ [ራሱን ይዞ] አይ ደርቤ! ገበያ እኮ ጥበብ ነው። ጀማሪ ደራሲ መጀመሪያ ስሙን ያስጠራል። እኔን አታይም? ተማሪ ቤት ሰው ሰብስቤ አንድ ምዕራፍ በቃሌ አነበነብኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር።

ደርቤ፦ ያ ዶፍ የጣለ ዕለት?

እንዳላማው፦ አዎ።

ደርቤ፦ ሲያባራስ?

እንዳላማው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ሲያባራ... ሥራ የነበረበት ወደ ሥራው ሄደ። ለቀኛዝማች አካለ ወልድም ፈርሜ አበርክቻለሁ።

ደርቤ፦ አነበቡት?

እንዳላማው፦ የአልጋቸው እግር አጥሮ ከሥሩ አስገብተውታል። ስሜ ያለበት ጎን ግን ወደ ውጭ ነው! የገባ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ደርቤ፦ አጎንብሶ ካየ።

እንዳላማው፦ ዝም በል! ነገ ጤፉ ይወቃል። እህትህ ሥራነሽ እናቷ ቤት አምበር ስትሄድ ምን ብላኝ እንደሄደች ታውቃለህ? «ስመለስ ጎታዬ ካልተለቀቀ ወረቀትህ ለምድጃ ነው።» ያን ሁሉ ዓመት የደከምኩበት ሊነድብኝ ነው፤ አንተ ታሾፋለህ። በል፣ የተረፈውን አውርደውና የምንደብቅበት እንፈልግ።

ደርቤ፦ አልቋል።

እንዳላማው፦ ምኑ? ስንቅህ?

ደርቤ፦ መጽሐፉ።

እንዳላማው፦ [ስልቻውን ይገለብጣል፤ ገለባ ብቻ ይራገፋል] ደርቤ፣ ወንዝ ውስጥ ነው የጣልኸው? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም።

ደርቤ፦ እንደ በሬ ሸጥኩት።

እንዳላማው፦ [ጮኾ] እንደ በሬ ማለት?

ደርቤ፦ አልቆጣም ብለው አልነበር? በሬ ሲሸጥ ነውሩ ይነገር የለም? ይወጋል፣ ይራገጣል፣ ቀንበር ላይ ይተኛል ተብሎ። ነውሩ ያልተነገረ በሬ በማግሥቱ ከነገመዱ ይመለሳል። እኔም ድንጋይ ላይ ወጣሁና የመጽሐፉን ነውር ተናገርኩ።

እንዳላማው፦ የመጽሐፌን... ነውር?

ደርቤ፦ «አነሣሡ ደኅና ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ይተኛል» አልኩ።

እንዳላማው፦ መጽሐፍ ይተኛል እንዴ!

ደርቤ፦ የሚተኛስ አንባቢው ነው። አባ ፍቅረ ሥላሴ እንቅልፍ አጥተው ሰንብተው ኖሮ፣ መጀመሪያ የገዙ እሳቸው ናቸው።

እንዳላማው፦ አዋረድኸኝ! ቤተሰብ ሆነህ አዋረድኸኝ!

ደርቤ፦ ቆይ እንጂ። «ደግሞ በዚህ መጽሐፍ ጤፍ የሚታጨደው በሐምሌ ነው» አልኳቸው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «እኛ ስንዘራ እሱ ያጭዳል? እስቲ አምጣው!» እያለ ባላገሩ ሁሉ ገዛ።

እንዳላማው፦ ሐምሌ ያደረግሁት ዝናቡ ለፍቅራቸው እንዲያምር ነው! ባላገር ስለ ድርሰት ምን... [ድንገት ቆም ብሎ] ቆይ። አንተ ፊደል አትቆጥርም። ይኼን ሁሉ ማን ነገረህ?

ደርቤ፦ ያነበበች ነቻ።

እንዳላማው፦ ያነበበች? ሴት ናት? [ኮቱን ያስተካክላል] አንባቢ አለችኝ ማለት ነው?

ደርቤ፦ ደጋግማ ነው ያነበበችው።

እንዳላማው፦ የተማረች መሆን አለባት። መልኳስ? ቆንጆ ናት?

ደርቤ፦ እኔ ምን ልበል ጋሼ፤ እኔን ትመስላለች።

እንዳላማው፦ ውበት እንኳ አታውቅም! ሥራነሽ እህትህ ናትና አትቀየመኝ እንጂ፣ እኔ እኮ ቤቴ ውስጥ የሚረዳኝ አጥቼ ነው የኖርኩት። ለመሆኑ ወይዘሮ ዘሪቱን ወደደቻት?

ደርቤ፦ የትኛዋን?

እንዳላማው፦ የባለታሪኩን ሚስት ነዋ! ስትጣራ ዶሮ ከነጫጩቱ የምትበትነውን፣ ወጥ ሠርታ ጨው የምትረሳውን፣ አፍንጫዋ ቀድሟት ከቤት የሚወጣውን።

ደርቤ፦ ገበያውን ያደመቀችውማ ዘሪቱ ናት። እኔ ነውሩን ተናግሬ ስወርድ፣ ያቺ አንባቢዎ ድንጋዩ ላይ ወጣችና «ዘሪቱ ብሎ የጻፈው እኔን ነው! ግዙና ከአፍንጫዬ ጋር አስተያዩት!» ብላ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ሰው ተጋፋ። ማንበብ የማይችለውም ገዝቶ የሚያነብለት ፍለጋ ሄደ።

እንዳላማው፦ [ቀስ ብሎ መሬት ላይ ይቀመጣል] ሥራነሽ?

ደርቤ፦ እታለም ናት፤ አዎ።

እንዳላማው፦ እሷ እኮ «ሀ»ን ከ«ለ» አትለይም!

ደርቤ፦ ማታ ለጎልማሶች የሚያስተምሩትን ቀን ቀን እሷ ላይ አልነበር የሚለማመዱ? ጎልማሶቹ ባይገባቸውም እሷ ገባት።

እንዳላማው፦ በገዛ እጄ! [ደረቱን እየመታ] አልቆልኛል። አኩርፋ እናቷ ቤት ቀረች በለኝ። ደርቤ፣ ማርያምን፣ እሷ ከሌለች እኔ ምንድን ነኝ? ያ አፍንጫ እኮ ገና ሳያት የወደድኩት አፍንጫ ነው! ለወግ እንዲያስቅ ብዬ ነው እንጂ!

ደርቤ፦ ኧረ አላኮረፈችም። ከኋላዬ እየመጣች ነው። ወረቀትና ቀለም ልትገዛ ሱቅ ገብታ ነው።

እንዳላማው፦ [ብድግ ብሎ አቧራውን እያራገፈ] ተመስገን! ለሁለተኛው መጽሐፌ ነዋ! አየህ፣ ገባት ማለት ነው። ሴት ልጅ ሲገባት...

ደርቤ፦ ሁለተኛውን የምትጽፈው እሷ ናት።

እንዳላማው፦ እሷ? [ይስቃል] ማን ሊገዛት? ስሟ እንኳ ያልታወቀ ጀማሪ! ከረባት የላት፣ ማስታወቂያ የላት። ነገርኩህ እኮ፣ ገበያ ጥበብ ነው።

ደርቤ፦ አምበር ሙሉ ከወዲሁ «ለእኔም አስቀምጪልኝ» ብሏታል። ነውሩን ዘርዝራ ተናግራለች።

እንዳላማው፦ ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ ምን ነውር አለው?

ደርቤ፦ የመጽሐፉን አይደለም ጋሼ። የእርስዎን ነው።